ቅዳሜ ማታ ክፉ ነን

ክፉ ለመሆን እንደ ጨዋ ልጅ የሚቸኩል ሰው የለም። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ቤታችን ቤዝመንት ውስጥ ቅዳሜ ማታ የሚሰበሰቡትን ልጆች ያየ ሰው ይመሰክርልኛል። አንዱ ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግል ዲያቆን ነው። አንዷ ሆስፒታል የምትሠራ ነርስ ናት። ሌላው በታክስ ወራት የግማሹን ሐበሻ ፎርም የሚሞላ የሒሳብ ባለሙያ ነው። መሪያቸው የእህቴ ልጅ ነው። ሳምንቱን ሙሉ መኪና በሌለበት ሌሊት እንኳ ቀይ መብራት ሳይጥሱ የከረሙ ልጆች፣ ቅዳሜ ሲመሽ ነፍሰ ገዳይ፣ መርዝ ቀማሚና ሙታን ሳቢ ይሆናሉ። ፈንዲሻ ይዤ ስወርድ ታዲያ ነፍሰ ገዳዩ ብድግ ብሎ «እትዬ፣ ምነው ደከሙ?» እያለ ትሪውን ይቀበለኛል።

ጨዋታው «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ይባላል። ላላያችሁት፣ ጠረጴዛ፣ ወረቀት፣ እርሳስ፣ ሃያ ፊት ያለው ዳይስና ብዙ ወሬ ነው። እያንዳንዱ ወረቀቱ ላይ አንድ ሰው ይፈጥራል፤ መሪው «ዋሻው አፍ ላይ ደርሳችኋል፤ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል፤ ያሰቡት ይሳካ አይሳካ ዳይሱ ይፈርዳል። ሰይፍ መዝዞ ሃያ ያወጣ ዘንዶም ቢሆን ይመታል፤ አንድ ያወጣ አጠገቡ የቆመችውን በቅሎ ይስታል። ጨዋታውን እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጡት ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የሚባሉ አሜሪካውያን ናቸው። ጋይጋክስ ከዚያ በፊት የኢንሹራንስ ሠራተኛ ነበር። አልገረመኝም። «ጣራው ቢናድስ? እባብ ቢነድፍስ?» እያለ ለእያንዳንዱ መዓት ቁጥር የሚመድብ ሌላ ማን አለ?

ክፋትና ደግነትም ወረቀቱ ላይ ይሞላል። መጀመሪያ ጨዋታው ሲወጣ የነበሩት ሕግ፣ ሁከትና መሐል ሰፋሪ ብቻ ናቸው። በ1978ቱ የተጫዋቾች መጽሐፍ ግን ክፉና ደግ ተጨምረውበት፣ ከሕግ አክባሪ ደግ እስከ ሕገ ወጥ ክፉ ድረስ ዘጠኝ ዓይነት ሰው ሆኗል። ለሰው ልጅ ዘጠኝ ጠባይ ይበቃዋል ያለው ሰው የእድር ስብሰባ ገብቶ አያውቅም።

ክፉ ሰው ደግሞ የኋላ ታሪክ ያስፈልገዋል አሉ። ስለዚህ ሁሉም ወላጆቻቸውን ገድለው ነው የሚጀምሩት። የነርሷ መርዝ ቀማሚ በሕፃንነቷ ገዳም ደጃፍ ላይ ተጥላ የተገኘች ናት፤ የዲያቆኑ ነፍሰ ገዳይ ቤተሰቡ በአንድ ሌሊት በእሳት ያለቀበት ነው። አንድ ማታ ዲያቆኑ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ስቦ፣ ድምፁን አጎርንኖ «እኔ በዚህ ምድር ማንም የለኝም፤ ያሳደገኝ ጨለማ ነው» ከማለቱ ስልኩ ጮኸ። «አቤት እማዬ... አዎ በልቻለሁ... አዎ፣ ጃኬት ይዣለሁ።»

ከዕለታት አንድ ቀን አንድ መንደር ሊያቃጥሉ ወጡ። ችቦው ተዘጋጅቷል፣ ዘይቱ ተጭኗል። የእህቴ ልጅ ግን ነገር ያውቃል፤ የመጀመሪያዋን ጎጆ የምትከፍት አንዲት አሮጊት አደረገና፣ ድምፁን እንደ ሴት አያቱ አሰልሎ «ውይ ልጆቼ፣ ብርዱ ጨረሳችሁ! ግቡ እስቲ፤ ቤት ያፈራው አይጠፋም» አላቸው። በቃ፣ ወረራው እዚያ ላይ አበቃ። ገቡ፣ ተቀመጡ፣ በሉ፣ «እግዜር ይስጥልን» አሉ። አሁን ችቦው ይለኮስ ሲባል ዲያቆኑ «የበላሁበትን ወጪት አልሰብርም» ብሎ እጁን አጣጠፈ። ሙታን ሳቢውማ ከመቃብር የቀሰቀሳቸውን አፅሞች ለአሮጊቷ እንጨት ሲያስፈልጥ አመሸ።

ክፋትን የተካኑበት ሰዎች ከጥንትም ነበሩ። ጋይጋክስ ራሱ በሚመራው ጨዋታ ውስጥ ሮብ ኩንትዝ የሚባል ወጣት ሮቢላር የሚሉት ክፉ ተዋጊ ነበረው። ሮቢላር ወጥመድ ወደሞላበት መቃብር ሲገባ ኦርክ የሚባሉ ጭራቅ ሎሌዎቹን እያስቀደመ ነው፤ ወጥመዱ እነሱን ሲበላ እሱ በሰላም ያልፋል። የእህቴ ልጅ ይህን ተረከላቸው፣ ትምህርት ይሆናቸዋል ብሎ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ወጥመድ ያለበት በር ላይ ደረሱ። «ግቢ።» «ኧረ አንተ ቅደም።» «ሴት እያለችማ አይሆንም።» «ታላቅ እያለ እኔ? በማርያም ግባ!» የፈንዲሻው ሳህን ባዶ እስኪሆን እዚያው በር ላይ ቆሙ። እኔም ከዚያ ወዲህ ሠርግ አዳራሽ በር ላይ «እርስዎ ይቅደሙ» የሚለኝ ሰው ሲያጋጥመኝ፣ ወለሉን አይቼ ነው የማልፈው።

ክፋቱ የቀናው ለሙታን ሳቢው ነው፣ ለሒሳብ ባለሙያው። ጓደኞቹ ሁሉ ተኝተው ሳለ የነርሷን ከረጢት ፈትቶ የመጨረሻዋን የፈውስ መድኃኒት ጠርሙስ ሰረቃት። ሲነጋ ነርሷ ቆሰለች፤ ጠርሙሷን ብትፈልግ የለም።

«አንተ ነህ!»

«እኔ አይደለሁም፤ ገጸ ባሕሪዬ ነው።»

«ገጸ ባሕሪህን ማን አዘዘው?»

«ክፉ ነዋ! ወረቀቱን እይው፣ ክፉ ይላል።»

ተኳረፉ። በጨዋታው ሳይሆን በእውነቱ ዓለም። ቤተ ክርስቲያን መኪና ማቆሚያው ላይ ሲያገኛት ፊቷን አዞረችበት። እናቷም አዞሩበት፤ ምን እንዳደረገ አያውቁም፣ ግን ልጃቸው ካዞረች አንድ ነገር አለ። በመጨረሻ ሽማግሌዎች ሳሎኔ ተቀመጡ። ዋናው ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ልጄ፣ የተወሰደብሽ ምንድን ነው?» አሏት። «መድኃኒት።» «ስንት ያወጣል?» «ሃምሳ ወርቅ።» የመጽሐፉ ዋጋ እኮ ነው፣ አልዋሸችም። ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ። የልጁ አጎት ራሳቸውን ይዘው «ሃምሳ ወርቅ!» ማለት ብቻ ሆነ ሥራቸው። እኔ መሐል ገብቼ ጠርሙሱ በዓለም ላይ የሌለ ነገር መሆኑን ለማስረዳት ብሞክር፣ «የለም ካልሽማ ጠጥቶታል ማለት ነው» ብለው ካሣ ፈረዱ። ካሣው ክትፎ ነበር። ከዚያ ሁሉ ነገር ውስጥ እውነተኛው ክትፎው ብቻ ሲሆን፣ የከፈልኩትም እኔ ነኝ።

በልጁ ለመፍረድ ቸኩዬ ነበር። ግን እኛ ትልልቆቹ ወረቀት እንኳ ሳንሞላ ስንቱን ሠራነው! «እኔ ጠባዬ ነው፣ ፊት ለፊት ነው የምናገረው» እያለች የሙሽራዋን ቀሚስ ሙሽራዋ ፊት የምታጣጥል ጎረቤት አለችኝ። «እኔ ደግሞ ሆዴ ውስጥ ነገር አይቀመጥልኝም» እያልኩ የእሷን ነገር ለሌላ ሰው የማቀብለው እኔ ነኝ። ይኸው አሁን ለእናንተ እንደማቀብለው።

እህቴ «ሙታን ሳቢ» የሚለውን ቃል የሰማች ዕለት ጠበል በፕላስቲክ ጠርሙስ ይዛ ወረደች። ልጆቹ ሳቁባት። መሳቅ አልነበረባቸውም፤ አሜሪካኖቹ ራሳቸው በ1980ዎቹ ይህን ጨዋታ የሰይጣን አምልኮ ነው ብለው ቤት ለቤት ሲሸበሩ፣ በ1983 ጨዋታውን የሚቃወም ማኅበር ሲያቋቁሙ ነበር። እህቴ ዘግይታ ከመምጣቷ በቀር የሠራችው አዲስ ነገር የለም። ጠረጴዛውን ረጭታ ዞር ስትል ዲያቆኑ ዳይሱን ጣለ፣ ሃያ ወጣ። አሁን ከባድ ጦርነት ሊገጥሙ ሲሉ ራሳቸው ደውለው ይጠሯታል።

አንድ ቅዳሜ ሰው ጎደለባቸውና «እትዬ፣ እርስዎም ይግቡበት» አሉኝ። ለወጉ ያህል እምቢ ብዬ ተቀመጥኩ። ወረቀቴ ላይ «ሕግ አክባሪ ክፉ» ተብሎ ተጻፈ፤ ሥራ፣ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት። ኮፍያ አልሳብኩም፣ ድምፄን አላጎረነንኩም። ደክሟቸው ሲመጡ አልጋ ሰጠኋቸው። ገንዘብ ሲያጥራቸው «ግድ የለም ልጆቼ፣ ስታገኙ ትከፍሉኛላችሁ» አልኩና ሰይፋቸውን በመያዣ ወሰድኩ። ወለዱን ውሉ ላይ ጻፍኩ፣ በደቃቅ ፊደል። ዲያቆኑ ሳያነብ ፈረመ። ነርሷ ሳታነብ ፈረመች። የሌላውን ሰው ፎርም መስመር በመስመር የሚመረምረው የሒሳብ ባለሙያ እንኳ ሳያነብ ፈረመ! እኩለ ሌሊት ላይ ነፍሰ ገዳዩ ሳህን ያጥብልኛል፣ መርዝ ቀማሚዋ ወጥ ትሠራልኛለች (ቅምሻውን ለራሷ ትቼዋለሁ)፣ ሙታን ሳቢው ከነአፅሞቹ ውኃ ይቀዳልኛል። ዳይስ አንዴም አልጣልኩም። የእህቴ ልጅ አፍጥጦ እያየኝ «አክስቴ፣ ይሄን ሁሉ ክፋት የት ተማርሽው?» አለኝ።

«የእቁብ ዳኛ ነበርኩ» አልኩት።

ከዚያ በኋላ ልጆቹ ተመካከሩና ክፋት ይቅርብን፣ ሁላችንም ደጎች እንሁን ብለው ወሰኑ። ወረቀት ተቀደደ፣ አዲስ ወረቀት ተሞላ። ዲያቆኑ መሐላ የገባ፣ ጋሻው የሚያበራ ፓላዲን ሆነ። ደግ ሆነው በወጡ በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ያቺ መንደር ክፉ ሰዎችን አብልታ አሳድራለች የሚል ወሬ ሰሙና በጽድቅ መንፈስ አቃጠሏት። አሮጊቷን የእህቴ ልጅ እንደምንም በጓሮ በር አስመለጣት።

የማረፊያ ቤቴ ዕዳ ግን እስካሁን አልተከፈለም። «ያ ክፉ በነበርንበት ጊዜ ነው፣ አሁን አይመለከተንም» ነው መልሳቸው። ልጆቹን የምታውቋቸው ካላችሁ፣ ወለዱ እየቆጠረ መሆኑን ንገሩልኝ።