ክቡር ብስክሌት በሰገነቱ

በሰሜን ቨርጂኒያ ብርዱ ለቅቆ ቅዳሜ ማለዳ ደጅ የቆመ ሰው የተከበረ ሰልፍ ሲያልፍ ያያል። ከታች ድምፅ የሌላት የኤሌክትሪክ መኪና፣ ከመኪናዋ በላይ የመስታወት ጣራ፣ ከመስታወቱ በላይ ደግሞ ሁለት ብስክሌቶች መሪያቸውን ወደ ፊት አቅንተው፣ ማንም ሳይቀመጥባቸው ወደ ምዕራብ ይጓዛሉ። ባለቤቶቻቸው ገላ ላይ የሚጣበቀውን የብስክሌት ልብስ ለብሰው ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ቀና ባሉ ቁጥርም በመስታወቱ አሻግረው የጎማቸውን ሥር ያያሉ። እኔ በበኩሌ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ። ብስክሌት ስንት ዘመን ሰው ሲሸከም ኖሮ ዛሬ ተሸካሚ አገኘ። ለዚህ ማዕረግ ያበቁትን ሰዎች ሳያመሰግኑ ማለፍ ነውር ነው።

ምስጋናው ከመኪናዋ ይጀምር። ቴስላ ሞዴል 3 እ.ኤ.አ. በ2017 ለገበያ ስትቀርብ የነፋስ መቋቋም መለኪያዋ 0.23 ነው ተብሎ ተወራላት። መሐንዲሶቿ እዚያ ቁጥር ላይ ለመድረስ የበሩን እጀታ በሩ ውስጥ ቀበሩት፤ ቸርኬዋን በክዳን ሸፈኑ፤ ሆዷን ጠፍጣፋ አድርገው አለሰለሱ፤ ከፊቷም የራዲያተሩን ወንፊት አስቀሩ። ይህ ሁሉ ነፋስ ሳይነቃ ሾልካ እንድታልፍ ነው። በአውራ ጎዳና ፍጥነት ከባትሪው ትልቁን ድርሻ የሚበላው አየሩን እየገፉ ማለፍ ነውና፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የአየሩ ግፊት አራት እጥፍ ይሆናል። እንግዲህ መሐንዲሱ ይህን ጨርሶ፣ እጁን ታጥቦ ቤቱ ከገባ በኋላ ባለቤትየው መጣና ጣራዋ ላይ ሁለት መሪ፣ አራት ጎማ፣ አራት ፔዳል፣ ሁለት ኮርቻና ለቁጥር የሚያታክት የቸርኬ ሽቦ ተከለባት። ነፋስ ደግሞ አድልዎ አያውቅም፤ አንዱንም ሳይዘል ሁሉንም እየዳሰሰ ነው የሚያልፈው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጉዞ የሚያውቀው ያውቀዋል። ባትሪው ከሚያስኬደው ርቀት ሩቡ መንገድ ላይ ቢቀር የሚደነቅ የለም። ወደ ሸናንዶዋ ፓርክ ሲወጡ ሹፌሩ ዓይኑ ከመንገዱ ይልቅ ስክሪኑ ላይ ነው፤ ሚስቱ ሙዚቃ ልክፈት ስትለው እንኳ ባትሪ ይበላል ብሎ ይከለክላታል። ማቀዝቀዣው ይጠፋል፤ ፍጥነቱ ይቀንሳል። በጥቂት ሰከንድ 100 የምትደርሰው መኪና በቀኝ መስመር ከአንድ ትልቅ የጭነት መኪና ጀርባ ተሸሽጋ ነፋስ ትጠለላለች። ለዚያ ፍጥነት የተከፈለው ገንዘብም አብሯት ይጠለላል።

የመስታወቱን ነገር ግን ረጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል፤ ጥበቡ ያለው እዚያ ነው። ሰውየው መኪናዋን ሲገዛ የተነገረው በመስታወቱ ሰማይ ሊያይ ነው። አየም። ሐምሌ ሲገባ ግን የዋሽንግተን ፀሐይ በዚያው መስታወት ወርዳ አናቱን ስትመታው ከውስጥ የሚወጠር መረብ ገዝቶ ሰማዩን ጋረደው። በነሐሴ ደግሞ ከጋረደው ሰማይ በላይ ብስክሌት አቆመ። አንድ ሰማይ ሦስት ጊዜ ተከፈለበት፤ አሁን ሰማዩ ያለበትን ሁኔታ የሚያውቁት ወፎች ብቻ ናቸው።

ብስክሌቱ መስታወት ላይ በምን ይቆማል የሚል አይጠፋም። ጠንቃቃው ሰው ፋብሪካው ራሱ የሚሸጠውን፣ የመስታወቱን ጠርዝ ተከትሎ የሚታሰረውን ፖርቶመጋላ ይገዛል፤ መመሪያውም በሞዴል 3 ጣራ ላይ ከ68 ኪሎ በላይ አትጫኑ ይላል። ግን ይህ ማሰርና መፍታት አለበት፤ ጊዜ ይወስዳል፤ ከሁሉም በላይ የሚያስደንቅ ነገር የለውም። አዋቂው የሚመርጠው የጎማ ኩባያውን ነው። ኩባያው መስታወቱ ላይ ይለጠፍና በትንሽ ፓምፕ ውስጡ ያለው አየር ይመጠጣል፤ ከዚያ ብስክሌቱን የሚይዘው ከውጭ የሚጫነው አየር ነው። ይህን ያሰበ ሰው ብሩክ ይሁን! አየርን እንድትሸሽ በተሠራች መኪና ላይ ብስክሌቱን ለአየር አደራ ሰጠው። አንዱ አየር ይዞ ያቆየዋል፣ ሌላው አየር ከፊት እየመጣ ሊነቅለው ይታገላል፤ ባለቤትየው መካከል ላይ ተቀምጦ የሁለቱን ክርክር ያዳምጣል።

የኩባያው አምራች ፓምፑ ላይ ብርቱካናማ መስመር አድርጎለታል። መስመሩ ብቅ ካለ ኩባያው ውስጥ አየር ሾልኮ ገብቷልና ቶሎ ብለህ እንደገና ምጠጥ ማለት ነው። አቧራም፣ ቅባትም፣ ትንሽ ጭረትም ለዚህ ያበቃል። መልካም ምክር ነው፤ ችግሩ መስመሩ ያለው ከኩባያው አናት ላይ መሆኑ ነው። ያንን ያህል መስታወት ከራሱ በላይ እያለው ሹፌሩ ከሥር የሚያየው ጥቁር ጎማውን ብቻ ነው። ስለዚህ በየነዳጅ ማደያው ይቆማል። ነዳጅ የማይቀዳ መኪና ይዞ ማደያ የሚገባ፣ ወርዶ ጣራውን አሻቅቦ አይቶ፣ ሦስቴ ፓምፕ አድርጎ የሚሄድ ሰው ካያችሁ አትሳቁ፤ ሥራ ላይ ነው። ከኋላው የሚከተለው ሹፌር ግን አማትቦ ርቀቱን ቢጠብቅ አይፈረድበትም።

በጣራ የማያምኑ አሉ። እነርሱ ብስክሌቱን ከኋላ በሚወጣ ብረት ላይ ያንጠለጥላሉ፤ እውነቱን ለመናገር ነፋሱ በእነርሱ ላይ ይራራል። የእነርሱ ፈተና ቻርጅ ማድረጊያው ጋ ይጠብቃቸዋል። የቴስላ መሰኪያ በግራ በኩል የኋላ መብራቱ አጠገብ ነው፤ የቻርጅ ማድረጊያው ገመድ ብዙ ጊዜ አጭር ስለሆነ መኪናዋ በኋላዋ ገብታ እስከ ምሰሶው መጠጋት አለባት። ኋላዋ ላይ ሁለት ብስክሌት ካለ ማን ይጠጋል? ወይ ብስክሌቶቹ ወርደው አጥር ይደገፋሉ፣ ወይ መኪናዋ አግድም ቆማ የሁለት ሰው ቦታ ትይዛለች፣ የሁለት ሰው ስድብም ትሰማለች። በዚህ ላይ የኋላው ካሜራ ቀኑን ሙሉ ኮርቻ ያሳያል።

ወደ ጣራው ልመለስ፤ ያልጨረስኩት ጉዳይ አለ። ሞዴል 3 ቁመቷ 1.44 ሜትር ነው። ቆሞ የተጫነ ብስክሌት ወደ 1 ሜትር ይጨምርላታል። በከተማው ያለው ባለ ፎቅ የመኪና ማቆሚያ ደግሞ መግቢያው ላይ ያንጠለጠለው ዘንግ ብዙ ጊዜ 2 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ሒሳቡን የአራተኛ ክፍል ተማሪ ይሠራዋል፤ የሚረሳው አዋቂው ነው። የሚረሳውም ውጭ አገር ሄዶ አይደለም፤ ገዛ ቤቱ ደጃፍ ላይ ነው። ቀኑን ሙሉ ጋልቦ፣ ደክሞት፣ ላቡ ደርቆ ሲመለስ መኪናዋ መድረሷን ለጋራዡ ትነግረዋለች፤ ጋራዡም በሩን በራሱ ከፍቶ ግቡ ይላል። እንግዳ ተቀባይነት እንዲህ ሰው ሲጎዳ ያየሁት እዚህ ነው። ከሚሰማው የካርቦን ስብራት ድምፅ በላይ ልብ የሚሰብረው የብስክሌቱ ዋጋ ነው። ይህ ሰው 8 ኪሎውን ትቶ 7 ኪሎውን ለመግዛት በየግራሙ ከፍሏል፤ የዓለም ብስክሌት ማኅበር ለውድድር ከ6.8 ኪሎ በታች አይፈቀድም ባይል ኖሮ ከዚያም ይወርድ ነበር። ያንን 7 ኪሎ ለማጓጓዝ ግን ከ1,600 ኪሎ በላይ የምትመዝን መኪና ሲያስነሣ ግራም የሚባል ነገር ትዝ አላለውም።

እሺ፣ ወዴት ነው ይህ ሁሉ ጉዞ? ተራራ ላይ በጭቃና በድንጋይ መካከል የሚጋልቡትን አልነካም፤ ተራራው ሰፈር ድረስ አይመጣላቸውም። የምናገረው ስለ ቀሩት ነው። ዋሽንግተንና ኦልድ ዶሚኒየን የሚባል ባቡር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1968 ቆመና ሐዲዱ የነበረበት መሬት ኋላ አስፋልት ተነጥፎበት የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ሆነ። ከአርሊንግተኑ ሸርሊንግተን ተነሥቶ፣ እንጀራ የሚሸጥበትን ኮሎምቢያ ፓይክን አቋርጦ፣ በፎልስ ቸርች፣ በቪየና፣ በሬስተን፣ በሊስበርግ አድርጎ ፐርሰልቪል ድረስ 72 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ሰውየው ቤቱ ከዚህ መንገድ ጥቂት ደቂቃ ነው። ታዲያ ብስክሌቱን ከምድር ቤት አውጥቶ፣ ጣራ ላይ ሰቅሎ፣ መጥጦ፣ አጥብቆ በመኪና ቪየና ይሄዳል፤ እዚያ ማቆሚያ ይፈልጋል፤ ያወርዳል፤ በዚያው መንገድ ወደ ቤቱ አቅጣጫ ጋልቦ ይዞራል። ቀስ ብሎ የሚጋልብ ሰው ለአንድ ኪሎ ሜትር 5 ዋት ሰዓት ገደማ ጉልበት ቢያወጣ ነው፤ መኪናዋ ጣራዋ ባዶ ሆኖ እንኳ 150 ገደማ ትፈልጋለች። አየር እንዳይበከል ነው ኤሌክትሪክ የገዛሁት ይላል ደግሞ፤ ያዝልቅለት። ብስክሌቱ በጎማው ከሄደው ይልቅ በሰው ጎማ የሄደው ሲበልጥ ባለቤትየውን የሚያሳስበው አይመስልም። በከተማው አውቶቡስ ላይ እኮ ከፊት ለፊት ሁለት ብስክሌት የሚያስቀምጥ ብረት አለ፤ ባቡሩም ብስክሌት ይዞ መግባት ይፈቅዳል። ግን አውቶቡስ ላይ የሰቀለውን ብስክሌት የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ለነገሩ ይህ ወግ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ጸጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን ከኋላው የቡድኑ መኪና በጣራዋ ብስክሌት ደርድራ ትከተል ነበር። ጎማ ቢተነፍስ፣ ካቴና ቢበጠስ ቶሎ ተለዋጭ እንዲደርስ ነው። የእኛ ሰዎች ከዚያ ሥዕል መኪናዋን ወሰዱ፣ ጣራውን ወሰዱ፣ ልብሱንም ወሰዱ፤ ከፊት የሚጋልበው ሰው ግን ወጪው ስለበዛባቸው ይሁን ስላላስፈለጋቸው ቀረ። ተለዋጭ ብስክሌት ሞልቷል፤ የሚለወጥ ጋላቢ የለም።

ባሕር ዳር ብስክሌት ጄሪካን ይጭናል፤ እህትን ትምህርት ቤት ያደርሳል፤ ዶሮ እግሩ ታስሮ መሪው ላይ ይንጠለጠላል፤ አንዳንዴም ፍራሽ ተጠቅልሎ ይሳፈራል። የዚያ ብስክሌት ባለቤት አርሊንግተን መጥቶ ሰልፋችንን ቢያይ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን ሆኖ ነው? ተሰበረ እንዴ?» ነው። አልተሰበረም ወንድሜ፣ እየተዝናና ነው።

አንዱን አዋቂ መከርኩት። የኋላው ወንበር ይታጠፋል፤ የብስክሌቱ የፊት ጎማ በአንድ ማንሻ ይወልቃል፤ ብርድ ልብስ አንጥፈህ ውስጥ ብታስተኛው ነፋስ የለ፣ ፓምፕ የለ፣ ጋራዥ አይመታህ፣ ባትሪህ አይጎድል አልኩት። ዝም ብሎ አየኝና «ታዲያ ውስጥ ከተኛ ሰው በምን ያውቃል?» አለኝ። ተረታሁ።

ይህ በረከት እዚህ ብቻ እንዳይቀር እመኛለሁ። ሀገር ቤት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተባለ ወዲህ ከቻይና የመጡ ባለ መስታወት ጣራ መኪኖች አዲስ አበባን ሞልተዋታል፤ በኮሪደር ልማቱም የብስክሌት መንገድ ተሠርቶ መኪኖቹ አጠገቡ ያልፋሉ። የጎደለው ሁለቱን የሚያገናኘው የጎማ ኩባያ ብቻ ነው። አስመጪዎች፣ ገበያው ክፍት ነው። ኮንቴይነሩን ከማዘዛችሁ በፊት ግን አንድ ሰው ሜትር ይዞ ወደ አፓርታማዎቹ ምድር ቤት ይውረድና የመኪና ማቆሚያውን መግቢያ ቁመት ለክቶ ይምጣ።