ጤና ይስጥልን፤ ደመወዙ ይደርሳል

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣

መሥሪያ ቤትዎ ለሠራተኞቹ «የዌልነስ ፕሮግራም» ሊጀምር መሆኑን ሰምቼ እልል አልኩ። እኛ ጋ ከተጀመረ ዓመት አልፎታል። ሁለታችንም የካዛንቺስ ሰዎች ነንና ያየሁትን ላጫውትዎ፤ የጉርብትና ነው።

ወጪ ያበዛል ብለው አይስጉ። ቢሯችን አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍቱ ከቆመ ሦስት ወር ሞልቶት ስናጉረመርም የሰው ሀብት ክፍል በሩ ላይ አንድ ወረቀት ለጠፈ፦ «ደረጃ መውጣት ልብን ያጠነክራል»። በዚያች ወረቀት ብልሽቱ ፕሮግራም ሆነ። ጉልበታቸውን የሚያማቸው የሒሳብ ክፍሏ እትዬ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ግድግዳ ተደግፈው ሲያርፉ የሚያልፈው ሁሉ «በርቱ!» ይላቸዋል። ለአፍ ዳገት የለውም ይባላል፤ ለወረቀትም ደረጃ የለውም። ሳምንት ሳይቆይ «በቀን ሁለት ሊትር ውኃ ይጠጡ» የሚል ተጨመረ። የተለጠፈው ውኃ ከማያውቀው መጸዳጃ ቤታችን በር ላይ ነው።

ስፖርቱንም እንዳይረሱ። ኅዳር 2011 «መንገድ ለሰው» ተብሎ የከተማዋ ጎዳናዎች ለመኪና ሲዘጉ ሕዝቡ ወዶ ነበር የወጣው። የእኛው በፊርማ ነው። እሑድ ከጠዋቱ 12 ሰዓት መስቀል አደባባይ ያልተገኘ «ቀሪ» ተብሎ ይመዘገባል። እዚህ ላይ የአለቆቼን ብልኃት ልብ ይበሉልኝ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛውን በሳምንት ዕረፍቱ ቀን ያሠራ አሠሪ ለእያንዳንዱ ሰዓት ሁለት እጥፍ ይክፈል ይላል። እጅና እግር ማፍታታት ግን ሥራ አይደለም፤ ጤና ነው። ለጤናው ተጨማሪ የሚጠይቅ ሠራተኛ ደግሞ ምስጋና ቢስ ነው።

በመክፈቻው ዕለት ንግግር ማድረግዎ አይቀርምና የሰፈራችንን ስም ያንሡ፤ አለቃ በማይክራፎን ፊት ታሪክ ይወዳል። ካዛንቺስ የሚባለው ስም «ካዛ ኢንቺስ» ከሚለው የመጣ ነው። ኢንቺስ ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤት የሚሠራው የጣሊያን ተቋም ምኅጻር ነበር። በ1928 አዲስ አበባ የገባው ወራሪ ለራሱ ጸሐፊዎች እዚህ ቤት ሠራላቸው። ጣሊያንን ማመስገኔ አይደለም፤ ቤቱን የሠራው ለራሱ ሰዎች እንጂ ለእኛ አልነበረም። ብቻ ፋሺስት እንኳ ጸሐፊ ሲመሽ የሚገባበት ጣሪያ እንደሚያስፈልገው ገብቶት ነበር። የኛ ዘመን አሠሪ ከዚህ የላቀ ነገር አግኝቷል፦ የዌልነስ ቲሸርት።

ሰፈሩ በ2017 ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ብዙ ነዋሪ ወደ ገላን ጉራ ተዛወረ። ከቢሯችን ጀርባ ተወልዶ ያደገው ተላላኪያችንም አብሮ ሄደ። ድሮ ቡናውን ጠጥቶ፣ እናቱን ተሰናብቶ በአምስት ደቂቃ ይደርስ የነበረው ልጅ ዛሬ በጨለማ ተነሥቶ የታክሲ ሰልፍ ይይዛል። ሲደርስ የፊርማው መዝገብ ተነሥቷል። ሰርቪስ ይመደብልን ብለን ማመልከቻ ጻፍን። መልስ ሆኖ የመጣልን የስትረስ ሥልጠና ነው። አሠልጣኙ ዓይናችንን አስጨፍኖ «በአፍንጫችሁ በረጅሙ ሳቡ፣ በአፋችሁ ቀስ ብላችሁ አውጡ» አለን። ሳብን። በመስኮቱ የገባው የፍርስራሹ አቧራ ነበር። ያስነጠሰውን ሁሉ «ጭንቀቱ እየወጣ ነው» አለው።

ከሥልጠናው በኋላ መጠይቅ ሞላን። ስም አይጻፍበትም፤ የሠራተኛ መለያ ቁጥር ግን ግዴታ ነው። ሁላችንም ደስተኞች ሆነን ተገኘን። በነገራችን ላይ የኦክስፎርዱ ተመራማሪ ዊሊያም ፍሌሚንግ በ2016 ባወጣው ጥናት በብሪታንያ 233 ድርጅቶች ውስጥ የሚሠሩ 46,336 ሰዎችን መልስ መርምሮ፣ የስትረስ ሥልጠናና የጥሞና መተግበሪያ የተሰጣቸው ካልተሰጣቸው የተሻለ ደኅና ሆነው አላገኛቸውም። ምናልባት የእነርሱ መጠይቅ መለያ ቁጥር አይጠይቅ ይሆናል።

የጥሞና ክፍሉን ነገር ሳልነግርዎ ባልፍ ኀጢአት ይሆንብኛል። ዕቃ ግምጃ ቤት የነበረ ክፍል ተጠርጎ፣ ምንጣፍ ተነጥፎ፣ የላስቲክ አበባ ተቀምጦለት ሪባን ተቆረጠ። አንዲት ባልደረባችን ከወሊድ በኋላ ያሉትን 90 ቀኖች ጨርሳ የተመለሰች ሰሞን ነበር። ጡቷ እየሞላ ሸሚዟን ሲያበሰብሰው በሩን ዘግታ ወተቷን ልታልብ ገባች። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ተንኳኳ። «እኅቴ፣ ይህ ክፍል ለጥሞና ብቻ ነው» አሏት። የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጁ ያዝዝ ነበር። የእኛ ግን የግል ድርጅት ነው፤ ሕፃናት አይመለከቱንም። እርሷም መጸዳጃ ቤት ገብታ አለበችው። በሩ ላይ ያለውን ወረቀት አስቀድሜ ነግሬዎታለሁ።

የዓለም ሥራ ድርጅት ሰኔ 2014 ጤናማና ደኅንነቱ የተጠበቀ የሥራ ቦታን ከሠራተኛ መሠረታዊ መብቶች ጋር ደምሮታል። የኢትዮጵያ ቢሮውም ሩቅ አይደለም፤ እዚሁ አጠገባችን የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን (ኢሲኤ) ግቢ ውስጥ ነው። ያም ሆኖ እስካሁን ምንጣፋችንን መጥቶ አላየልንም።

አንድ ጥንቃቄ ግን ያስፈልግዎታል። ሠራተኛው 1156ን እንዲያነብ አይፍቀዱ። በጣም ኋላ ቀር ሕግ ነው፤ ስለ ዮጋ አንዲት ቃል አይተነፍስም። የሚያወራው ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ትርፍ ሰዓት በሳምንት ከ12 እንዳያልፍ፣ የታመመ ሰው የመጀመሪያውን ወር ሙሉ፣ ተከታዮቹን ሁለት ወራት ግማሽ ደመወዝ እንዲያገኝ ነው። የደመወዝ ቦርድ ተቋቁሞ ዝቅተኛ ደመወዝ በየጊዜው እንዲከለስ ሁሉ ይላል፤ ደግነቱ እርሱን ስንጠብቅ ዓመታት አልፈዋል።

እኔ በስህተት አንብቤዋለሁ። የመጀመሪያው ዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው፤ ከሁለት ዓመት በላይም አይተላለፍም። የእኔ 31 ቀን ሆኗል። ማመልከቻዬን ሰኞ አስገባለሁ፤ ቲሸርቱንም አጥቤ፣ አጣጥፌ አብሬ እመልሳለሁ።