ሸንጎ ለውሻ
አዲስ አበባ ውስጥ ከመንገድ አንስተው ግቢ ያስገቡት ውሻ በሳምንቱ ደም ሲያንጠባጥብ፣ የእንስሳት ሐኪሙ «በግንኙነት የሚተላለፍ ካንሰር ነው» አለ። ሰፈርተኛው ወዲያው ለሸንጎ ተሰየመ። ጡረተኛው ጋሼ «ሰው ወረፋ እየጠበቀ ለውሻ ኬሞ?» ብለው ተቆጡ፤ ወረፋ ለሚጠብቀው ሰው ግን እስካሁን አምስት ሳንቲም ሲያዋጡ አልታዩም። ባለ ሱቋ እትዬ ያነሱት የታማሚውን ጠባይ ነው፦ «ሲዞር ያመጣው!» ሐኪሙ፣ ቪንክሪስቲን የተባለው የኬሞ መድኃኒት በሳምንት አንዴ፣ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 መርፌ ቢወጋ አብዛኛው ውሻ ይድናል ቢል ማን ሰምቶት! ዕጢው ደግሞ በሺዎች ከሚቆጠሩ ዓመታት በፊት ከኖረ አንድ ውሻ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ሕያው ሕዋስ ነው፤ በዘር ቆጠራ ሸንጎውን በሙሉ ያስከነዳል። በመጨረሻ ሁሉም የተስማሙት በአንድ ነገር ብቻ ነው፦ መርፌው የውሻውን የሌሊት ጩኸት እንደማይቀንሰው።