ከመጥፎ ቲያትር አቋርጦ የመውጣትን ሥርዓት ለመወሰን የወጣ አዋጅ

አዋጅ ቁጥር፦ ረድፍ ሸ፣ ወንበር 14

አዋጅ! አዋጅ! የደበሎ ቅዳጅ! ስማ፣ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ! የእጅ ስልክህንም ዝጋ!

እኛ፣ በገንዘባችን ትኬት ቆርጠን፣ ሰልፍ ይዘን፣ ቦርሳችንን አስፈትሸን የምንገባ ተመልካቾች፤

ቲያትር መውደዳችን ፀሐይ የሞቀው፣ አገር ያወቀው ሆኖ ሳለ የሚታየው ቲያትር ሁሉ ግን የሚወደድ ባለመሆኑ፤

ሽጉጡ ሲተኮስ ዝም ብሎ፣ ሟቹ ወድቆ፣ ሚስቱም ማልቀስ ከጀመረች በኋላ ከመጋረጃ ጀርባ «ጧ!» የሚል ድምፅ በመሰማቱ፣ ሟቹም ደንግጦ ቀና ብሎ በማየቱ፤

በመጥፎ ቲያትር ፊት ተቀምጦ መሰቃየት ጨዋነት፣ ብድግ ብሎ መሄድ ብልግና ተደርጎ መቆጠሩ ለተመልካቹም ለመድረኩም እንዳልበጀ ስለታመነበት፤

ሕግ በመታጣቱም ሕዝቡ በማይጠራ ስልክ፣ በሌለ ሳልና ባልሞተ አጎት እያሳበበ በመውጣት ላይ ስለሚገኝ፤

በወንበራችን ላይ እስከ ትርዒቱ ፍጻሜ ባለን ሥልጣን መሠረት የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፦ አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ «የእግሬ አውጪኝ አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። ቁጥሩ የአርቃቂው የወንበር ቁጥር ነው። አርቃቂው ሰነዱን የጻፈው በትርዒቱ በራሪ ወረቀት ጀርባ፣ በሁለተኛው ገቢር፣ በጨለማ ስለሆነ ለፊደል ግድፈት ተጠያቂው የመብራት ባለሙያው ይሆናል።

አንቀጽ 2፦ ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር በዚህ አዋጅ ውስጥ፦

«መጥፎ ቲያትር» ማለት ባልና ሚስት አንድ ሶፋ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ወንዝ ማዶ ለማዶ እንዳሉ የሚጯጯሁበት፣ ዘበኛው ከገጠር በመምጣቱ ብቻ እንዲያስቅ የተፈረደበት፣ ከአሜሪካ የተመለሰው ወንድም መነጽሩን ከግንባሩ ላይ ሳያወርድ የሚያለቅስበት፣ በመጨረሻም ገጸ ባሕርያቱ በሙሉ፣ የሞቱትም ጭምር፣ መድረኩ ጠርዝ ላይ ተሰልፈው መልእክት የሚያስተላልፉበት ነው። መርዶ ሲነገር አዳራሹ ከሳቀ፣ ቀልድ ሲነገር አዳራሹ ከተከዘ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

«ያልገባኝ ቲያትር» ማለት ግን መጥፎ ቲያትር ማለት አይደለም። ሰው ካልገባበት ቤት ሊወጣ አይችልምና ቲያትሩ ያልገባው ተመልካች በመውጣት መብቱ ለመጠቀም አስቀድሞ መግባት ይኖርበታል። ይህ ንዑስ አንቀጽ የተጨመረው በጥር ወር 1956 እ.ኤ.አ. በሚያሚ ከሆነው ትምህርት በመውሰድ ነው። ሁለት ሰዎች ዛፍ ሥር ሆነው ጎዶ የሚባል የማይመጣ ሰው የሚጠብቁበት የሳሙኤል ቤኬት ቲያትር በዚያ ከተማ የሳቅ ድግስ ነው ተብሎ ማስታወቂያ ተነገረለት። ሊስቁ የመጡት ሰዎች ገና ከመጀመሪያው ገቢር እየተነሱ ሄዱ። ጎዶም አልመጣ፣ ተመልካቹም አልቆየ። ያ ቲያትር ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው ይማሩታል፤ ደራሲውም በ1969 እ.ኤ.አ. የኖቤልን ሽልማት ወስዷል። ጥፋቱ የማስታወቂያው ነው የሚል ክርክር ቢነሳ አርቃቂው አይቃወምም፤ ሠርግ ብለው ጠርተው ለቅሶ ቤት ያስገቡት ሰው ቢነሳ አይፈረድበትም።

«መውጣት» ማለት ላይመለሱ መውጣት ነው። ሽንት ቤት ደርሶ መምጣትን፣ መብራት ሲጠፋ በር ላይ ቆሞ ማማትን አይጨምርም።

«መቀመጥ» ማለት ወድዶ መቀመጥ ነው። ውጭ ዝናብ እየወረደ ከሆነ መቀመጥ እንደ አድናቆት አይቆጠርም፤ በሐምሌና በነሐሴ የተሰጠ ጭብጨባም ሲመዘን በግማሽ ይታሰባል።

«ጎረቤት» ማለት በቀኝም በግራም ያለ ሰው ሲሆን፣ በተለይ ግን በአርቃቂው ግራ የተቀመጡትን፣ ነጠላቸውን በወጉ ያጣፉትን እናት ይመለከታል። እኚህ እናት ከመጀመሪያው ገቢር ጀምሮ ያጨበጨቡት አንድ ሰው ሲገባና ሲወጣ ብቻ ነው፤ እርሱም ከላይ የተጠቀሰው ሟች ነው።

አንቀጽ 3፦ ስለ ቀደሙት ሕጎች

በዚህ ጉዳይ ከወጡት ሕጎች ሁሉ የከፋው የሮማው ቄሳር የኔሮን ነው። ኔሮን እየደረደረ መዝፈን ይወድ ነበርና፣ እርሱ በሚዘፍንበት ጊዜ ማንም ሰው በምንም ምክንያት ከቲያትር ቤቱ እንዳይወጣ ተከለከለ። ታሪክ ጸሐፊው ስዌቶኒየስ እንደሚለው እዚያው እንደተቀመጡ የወለዱ ሴቶች ነበሩ፤ በሩ ሲዘጋባቸው ግንብ የዘለሉ፣ የሞቱ መስለው ለቀብር በቃሬዛ የወጡ ወንዶችም ነበሩ። ጭብጨባውም ለዕድል አልተተወም። ከአምስት ሺህ የሚበልጡ ጎልማሶች በቡድን ተከፍለው ማጨብጨብ ተማሩ፤ አንዱ የጭብጨባ ዓይነት በንብ ዕምታ፣ አንዱ በጣሪያ ክዳን፣ አንዱ በጡብ ይጠራ ነበር። ቬስፓስያን የሚባል ሹም ግን ቄሳሩን ተከትሎ ግሪክ በሄደ ጊዜ፣ ዘፈኑ ሲጀመር ወይ ሹልክ ይላል ወይ ቁጭ ብሎ ያንቀላፋል። ኔሮን ተቀየመና ከፊቱ አባረረው። በ69 እ.ኤ.አ. የሮማን ዙፋን የያዘው ማን ሆነ? ያው እንቅልፋሙ። አርቃቂው ከዚህ ተነስቶ ለማንም ሹመት ቃል አይገባም፤ በሦስተኛው ረድፍ ለሚያንኮራፉት ወንድማችን መጽናኛ እንዲሆን ብቻ መዝግቦታል።

በአገራችን ደግሞ መጀመሪያ ከአዳራሽ የወጣው ተመልካቹ ሳይሆን ቲያትሩ ራሱ ነው። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ«ፋቡላ» አውሬዎችን መድረክ ላይ አውጥተው የሰውን ጉድ አናገሯቸው፤ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመንም ተውኔት ተከለከለ። የዛሬው ብሔራዊ ቲያትር በ1948 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር ተብሎ በመኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ሲከፈት ደግሞ የንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት እየተከበረ ነበር። እንዲህ ባለው ቀን ተነስቶ ጀርባውን የሚያዞር ማን አለ? አርቃቂው የሚጠረጥረው፣ ወንበር ላይ ተጣብቆ የመቅረት ልማዳችን ከዚያ ዓይነቱ ምርቃት የተረፈ መሆኑን ነው። ጃንሆይ ተነስተው ከሄዱ ስንት ዘመናቸው፤ እኛ ግን እርሳቸው እስኪነሱ እየጠበቅን ነው።

አንቀጽ 4፦ የመውጣት መብት

ትኬት የቆረጠ ሰው ወንበር ተከራየ እንጂ እግሩን አልሸጠም።

«ብሬን ከፍዬ እንዴት ትቼው እሄዳለሁ?» የሚል መቃወሚያ ተቀባይነት የለውም። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ብሩን የበላበትን ቲያትር ምሽቱንም ይድገም ብሎ ቁጭ የሚል ሰው፣ ቦርሳውን ለነጠቀው ሌባ ሰዓቱንም አውልቆ እንደሚሰጥ ነው።

ጽሑፉ ጥሩ፣ አዘገጃጀቱ መጥፎ የሆነ እንደሆነ ተመልካቹ ሳይወጣ ዓይኑን ጨፍኖ የማዳመጥ መብት አለው። ሃምሌትን በጸጋዬ ገብረ መድኅን አማርኛ መስማት የሚችል ጆሮ፣ ልዑሉ የለበሰው ካባ የሆቴል መጋረጃ በመሆኑ ምክንያት ብቻ ሊከለከል አይገባም። ይህ መብት ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ወደ እንቅልፍ ቢለወጥ በአንቀጽ 3 የተጠቀሰው ሹም ምሳሌነት ይሠራል።

አንቀጽ 5፦ የአወጣጥ ሥርዓት

መውጣት የሚፈቀደው በገቢሮች መካከል፣ መጋረጃው ሲዘጋ ወይም መብራቱ ሲደበዝዝ ነው። ተዋናይዋ ተንበርክካ «አትሂድብኝ!» በምትልበት ሰዓት መነሳት ፈጽሞ ክልክል ነው፤ ለእርሷ መልስ የሰጠ ይመስላል። ይህ የሆነበትን ምሽት አርቃቂው ያስታውሳል፤ አዳራሹ ከዚያ በኋላ ሊሰበሰብ አልቻለም።

ወጪው ሰው ከረድፉ መካከል የተነሳ እንደሆነ ጎረቤቶቹ እርሱን ለማሳለፍ ብድግ ማለታቸው አይቀርም። ይህን ያዩ የኋላ ረድፍ ሰዎች ትልቅ ሰው የመጣ መስሏቸው አብረው ቢነሱ፣ «ኖር!» ቢሉም፣ ወጪው «በእግዜር» ብሎ መቀበልና ጉዞውን መቀጠል አለበት። ቆሞ ማን እንደሆነ ማስረዳት፣ ጤና መጠያየቅ፣ የልጆችን ትምህርት ማንሳት አይፈቀድም።

ሐሰተኛ ስልክ ማናገር ቀርቷል። «አዎ… አዎ… ሆስፒታል? መጣሁ!» የሚል ሰው ድምፁን እንደ ተዋንያኑ ስለሚያነሳ ከተከፈለበት ትርዒት ላይ ሁለተኛ መጥፎ ትርዒት በነጻ እንደጨመረ ይቆጠራል።

በሩ በቀስታ ይዘጋል። በሩን ድርግም አድርጎ የሚወጣ ሰው ሒስ ሰጠሁ ብሎ ያስብ ይሆናል፤ ሒስ አልሰጠም፣ በር ዘጋ።

አንቀጽ 6፦ መውጣት የተከለከለባቸው ሁኔታዎች

አንደኛ፣ ተዋንያኑ ሕፃናት ከሆኑና አንዱ የተመልካቹ ልጅ፣ የእህቱ ልጅ ወይም የአከራዩ ልጅ ከሆነ። ልጁ ዛፍ ሆኖ ቢተውንም መጨረሻው ድረስ ይታያል።

የተመልካቹ ቁጥር ከተዋንያኑ ቁጥር ያነሰ እንደሆነ ደግሞ ያ ከእንግዲህ ትርዒት ሳይሆን ማኅበር ነው፤ ከማኅበር ጠበል ጸዲቁ ሳይቀመስ አይወጣም።

በጥሪ ካርድ በነጻ የገባ ሰው፣ በተለይም የፊት ረድፍ ይዞ ለክብር እንግዳው ንግግር ያጨበጨበ፣ እስከ መጨረሻው ይቀመጣል። በነጻ ለበላው ድግስ ወጡ ጨው በዛበት አይልም።

አንቀጽ 7፦ ስለ ይሉኝታ

ይህ የአዋጁ አከርካሪ ነው፤ አንባቢ ሌላውን ቢያልፈው ቅር አይለንም።

መጥፎውን ቲያትር የሚያሳድገው ቀድሞ የወጣው ተመልካች አይደለም። እስከ መጨረሻው ተቀምጦ፣ በሆዱ ተራግሞ፣ በሩ ላይ ግን አዘጋጁን አቅፎ «ግሩም ነው! በርቱ!» የሚለው ነው። አዘጋጁም ሰው ነውና ያምናል። አምኖም አንድ ሰዓት ይጨምርበታል። ከዚያም ቲያትሩን በአውቶቡስ ጭኖ ክፍለ ሀገር ይወስደዋል፤ በየከተማው በር ላይ «ግሩም ነው» የሚል አይጠፋም። «ጨው ሆይ፣ ለራስህ ስትል ጣፍጥ» የሚለውን እናቶቻችን የተናገሩት ጨውን ለመስደብ አልነበረም። ሳይጣፍጥ ጣፈጠ የተባለ ጨው ግን ምክሩ ከየት ይደርሰዋል?

ስለዚህ ከወንበሩ መነሳት ያቃተው ሰው ቢያንስ አፉ አይዋሽ። ቲያትሩን ሳይወድ የቆየ ተመልካች በር ላይ ሊጠቀምባቸው የተፈቀዱት ቃላት «ደክማችኋል» እና «መብራቱ ጥሩ ነበር» ብቻ ናቸው። መብራቱም ጥሩ ካልነበረ «ደክማችኋል» ይበቃል፤ እውነት ነው፣ ማንንም አያስቀይምም፣ ለሁለቱም ወገን ይሠራል።

አንቀጽ 8፦ ስለ ተዋንያን

ተዋናዩ ከመድረክ ላይ ሆኖ ሁሉን አያይም ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። በሩ በተከፈተ ቁጥር የምትገባዋን ጭረት ብርሃን ያያታል፤ ስንት ጊዜ እንደተከፈተም ይቆጥራል። ለወራት ሲለማመድ ከርሞ፣ ከሥራ በኋላ ደክሞ፣ አንዳንዴም ለታክሲ ብቻ በምትበቃ ክፍያ የቆመ ሰው ነው። በዚህ ምክንያት እርሱም ተመጣጣኝ መብት ተሰጥቶታል፦ ስልኩ በሠርግ ዘፈን የሚጠራ፣ ሱፍ የሚፈለፍል፣ ቀጥሎ የሚሆነውን ለሚስቱ አስቀድሞ የሚናገር ተመልካች ያጋጠመው እንደሆነ፣ ተዋናዩ መጥፎውን ተመልካች ትቶ መውጣት ይችላል። በዚያን ጊዜ ተመልካቹ «ገንዘቤ!» ማለት አይችልም፤ አንቀጽ 4ን ይመልከት።

አንቀጽ 9፦ የተሻሩ ልማዶችና አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

«አብረን መጥተን አብረን ነው የምንወጣው»፣ «ሰው ምን ይላል»፣ «ትንሽ ቆይ፣ መጨረሻው ጥሩ ነው አሉ» የሚሉት ልማዶች ሁሉ ተሽረዋል።

አዋጁ በአዳራሹ በር ላይ ከተለጠፈበት ቀን ጀምሮ የጸና ይሆናል። አርቃቂው ራሱ ዛሬውኑ ሥራ ላይ ሊያውለው ፈልጎ ነበር። በሦስተኛው ገቢር መግቢያ መብራቱ ሲደበዝዝ፣ በአንቀጽ 5 መሠረት፣ ወረቀቱን ወደ ኪሱ ከትቶ ወንበሩ ጫፍ ድረስ ተንቀሳቅሷል። ሆኖም በግራው ያሉት እናት እጃቸውን ክንዱ ላይ ጣል አደረጉ።

«ልጄ ነው» አሉ፣ በአገጫቸው ወደ ሟቹ እያመለከቱ። ሟቹ በሕልም ተመልሶ ለሚስቱ መልእክት እያስተላለፈ ነበር።

«ግሩም ነው፣ እማማ» አለ አርቃቂው። አንቀጽ 7 በዚህ መልክ በአርቃቂው ተጣሰ።

እናት ትንሽ ዝም አሉ። ከነጠላቸው ጫፍ ከረሜላ ፈትተው ሰጡት፤ ከዚያም ወደ ጆሮው ጠጋ ብለው፦

«እንዲያው ልነሳ ስትል አይቼህ ደስ ብሎኝ ነበር። አንተ ብትነሳልኝ እኔም ‘ልጁን ላሳልፍ’ ብዬ ተከትዬህ እወጣ ነበር። አሁንማ ምን አደርጋለሁ፣ ቁጭ በል፤ ደግሞ ሊሞት ነው።»

ረድፍ ሸ፣ ወንበር 14፣ በሦስተኛው ገቢር ተጠናቀቀ።