ጩኸቱ ለልጆች፣ ተረቱ ለኳስ

እኔ በሕይወት እያለሁ ቴሌቪዥን ውስጥ ሁለት ነገሮች ቦታ ተለዋወጡ፤ ልብ ያለ ሰው ግን የለም። ድሮ ተረት የልጆች ነበር፣ ጩኸት የኳስ። ዛሬ ቅዳሜ ጠዋት ከንግድ ጣቢያዎቹ አንዱን ክፈቱና ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አድምጡ። አንዷ ጉሮሮዋ እስኪዘጋ ትጮኻለች፣ ታስጨበጭባለች፣ "አልሰማሁም! አሁንም አልሰማሁም!" እያለች ታፋጥጣለች። ይኼ የልጆች ፕሮግራም ነው። ማታ ደግሞ መልሳችሁ ክፈቱት። ሦስት ጎልማሶች ለስላሳ ወንበር ላይ ተደላድለው፣ እግራቸውን አነባብረው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ስለ አንድ ሩቅ አገር ጀግና፣ ስለ ከዳው ጌታው፣ ስለ ቀረበለት ወርቅ ያወጋሉ። ይኼ ስፖርት ነው።

የልጆቹን እስቲ ቀረብ ብለን እንየው። ስቱዲዮው በፊኛ ታጭቋል። ግድግዳው ሮዝም፣ ቢጫም፣ አረንጓዴም ስለሆነ ዓይን ያማል። ሕፃናቱ የሚዜ ልብስ ለብሰው ተደርድረዋል፤ የአንዱ ቢራቢሮ ከረባት ዞሮ ጆሮው ሥር ደርሷል። አቅራቢዋ ማይኩን አንዲት ፍሬ ልጅ አፍ ላይ ደቅና "ስታድጊ ምን መሆን ትፈልጊያለሽ?" ትላለች። "ዶክተር!" ጭብጨባ። ቀጣዩ "ፓይለት!" ጭብጨባ። ሦስተኛው፣ የፊት ጥርሱ የወለቀው፣ ትንሽ አሰበና "ምንም" አለ። እኔ ከሶፋዬ ተነሥቼ አጨበጨብኩለት። ስቱዲዮው ግን ጭጭ አለ። አቅራቢዋ ደንግጣ "ከአጭር ማስታወቂያ በኋላ እንመለሳለን፣ እንዳትርቁ!" ብላ ካሜራውን ጥላ ሸሸች።

ማስታወቂያው አጭር አልነበረም። መጀመሪያ ብስኩት መጣ፤ ቀጥሎ ዳይፐር፤ ቀጥሎ ዕቃ ማጠቢያ ሳሙና፤ ከዚያ ያው ብስኩት በሌላ ዜማ። ወደ ስቱዲዮው ስንመለስ ደግሞ ብስኩቱ ቀድሞን ደርሷል፤ በካርቶን ተደርድሮ ከልጆቹ ኋላ ግድግዳ ሆኗል። ለጥያቄ የመለሰም ብስኩት ይሸለማል፣ ያልመለሰም "ለተሳትፎው" ብስኩት ይሸለማል። ጥርሱ የወለቀው ልጅ ካርቶኑን ታቅፎ ቆሟል። በምን ሊበላው እንደሆነ የጠየቀው የለም።

የልጅ ልጄ ይኼን ሁሉ አፏን ከፍታ ታያለች። አፏን መክፈቷስ ባልከፋ፤ ትምህርቱ ዘልቋት ነው እንጂ። እናቷ "ነይ የቤት ሥራሽን ሥሪ" ስትላት ከወንበሯ ሳትንቀሳቀስ "ከአጭር ማስታወቂያ በኋላ እመለሳለሁ" ብላ መለሰችላት። እናቷ ሳቀች። በእኔ ጊዜ እንዲህ ያለ ሰው ማስታወቂያውንም፣ አጭሩንም፣ መመለሱንም ባንድ ኩርኩም ይረሳ ነበር።

አሁን "እነዚህ ሽማግሌዎች የድሮውን ማሞገስ ልማዳቸው ነው" እንደምትሉ አውቃለሁ። በሉ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ማዘጋጃ ቤት ውስጥ ሆኖ ሥራ ሲጀምር ፊኛ የሚገዛበት ገንዘብም አልነበረው፣ ፊኛው ቢገዛም በጥቁርና ነጭ ሁሉም ግራጫ ነው። ልጆቹን የያዘው አባባ ተስፋዬ ሣህሉ ብቻውን ነበር። ከዚያ በፊት መድረክ ላይ ሴት ተዋናይ ባልተገኘበት ዘመን ሴት ሆኖ የተጫወተ ሰው ነው፤ አንበሳ መሆን፣ ጦጣ መሆን፣ የጦጣ አማት መሆን ምኑ ይከብደዋል? ይቀመጣል፣ ልጆቹን ሰላም ይላል፣ ድምፁን ይቀያይራል፣ አለቀ። እኛም ቴሌቪዥን ያለው ጎረቤት ዘንድ ሄደን፣ ጫማችንን ደጃፍ አውልቀን፣ የባለቤቱን ግልምጫ ችለን እናየዋለን። ከ40 ዓመት በላይ እንዲሁ ተቀምጦ አወራ። እውነት ለመናገር ምክሩ ይበዛ ነበር፤ አንዳንዱ ተረት እንደውም ጅራቱ ከገላው ይረዝማል። ግን አንድም ቀን "አልሰማሁም!" ብሎ አልጮኸብንም። እኛ ነን የምንሰማው፣ እሱ ነው የሚናገረው፤ ይኼ ግልጽ ነበር። ሐምሌ 2009 ዓ.ም. ሲያርፍ ሽበት የወረረን ሰዎች "አባባ" እያልን አለቀስን።

ከሱ በኋላ የመጡት ሁሉ ከንቱ ናቸው አልልም። መምህርቷ ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ጋር ሆና "ፀሐይ መማር ትወዳለች" ብላ ያመጣቻት ቀጭኔ ከካልሲ የተሠራች ናት። ካልሲ! መጀመሪያ ሳያት "አገሩ እዚህ ደረሰ?" ብዬ ነበር ያጉረመረምኩት። ያቺ ካልሲ ግን ቀስ ብላ ትናገራለች፣ ታስባለች፣ ልጅ እስኪያስብም ትጠብቃለች። ከጎኗ የብስኩት ካርቶን አልቆመም። እጅ መታጠብ የሚባለውን ነገር እኔ ስንት ጊዜ ብናገር ያልሰማኝ ቤተሰብ ለካልሲ ታዘዘ። ቅር ብሎኛል፣ ግን ታዘዘ።

ስለ ዓረብ ጣቢያዎቹ ብዙ አልልም፤ አንድ ዘመን የአዲስ አበባ ልጅ ሁሉ ኤምቢሲ 3 ላይ ተጥዶ ካርቱኑን በዓረብኛ ሲሳደብ ነው ያደገው። ኋላ የእኛ ጣቢያዎች ናይልሳት የሚባለውን ሳተላይት ለቀው ወደ ኢትዮሳት ሲዞሩ ዲሽ አስተካካዩ ቆርቆሮው ላይ ወጥቶ ወደ ምዕራብ ያይ የነበረውን ሳህን ወደ ምሥራቅ አዞረው። ታች ሆነው "መጣ! አልመጣም! ጨምር! ኧረ መልስ!" ይሉታል፣ እሱ ላይ ሆኖ ይዘፍናል። የእኛ ጣቢያዎች ጥርት ብለው ሲመጡ የዓረቦቹ ካርቱን ጠፋ፤ ቤቱ ልቅሶ ቤት ሆኖ ሰነበተ።

ወደ ኳሱ ልምጣ፤ እውነተኛው በደል ያለው እዚያ ነው። ጩኸት ምን እንደሆነ የምታውቁ ከሆነ ኳስ አስተላላፊውን ደምሴ ዳምጤን ሰምታችኋል። በ1980 ዓ.ም. የሴካፋ ዋንጫ እዚሁ አዲስ አበባ ሲካሄድ ዚምባብዌን በፍጹም ቅጣት ምት ያሸነፍን ዕለት የደምሴ ድምፅ ከሬዲዮ አልፎ ግድግዳ ያንቀጠቅጥ ነበር። ግን የሚጮኸው የሚያስጮኽ ነገር ሲኖር ነው። ኳሱ መሐል ሜዳ ሲንከባለል እሱም ድምፁን ያሳርፋል፤ ወደ ጎል ሲጠጋ ድምፁ ቀድሞ ስለሚነሣ ቡና የምትቀዳው ሴት እንኳ ጀበናውን አስቀምጣ ትሮጣለች።

የዛሬዎቹ ተንታኞች ምን ያስጮኻቸው? ፊታቸው ኳስ የለም። የእንግሊዙን ሊግ የማሳየት መብት በዶላር የሚገዛ ነው፤ ይዞት የተቀመጠው ወርኃዊ የሚያስከፍለው ዲኤስቲቪ ነው። ነጻው የንግድ ጣቢያ የቀረው ወሬው ብቻ ነው። ስለዚህ የቆመ ፎቶ ያሳያሉ። ተጫዋቹ እግሩን እንዳነሣ ይቆማል፤ ከዚያ ፎቶው ቀስ እያለ ይጠጋል፣ ቀስ እያለ ይርቃል፣ ሰውየው ግን እስከ ፕሮግራሙ መጨረሻ እግሩን አያሳርፍም። ከሥሩ ድምፅ ይመጣል፦ "ለክለቡ ቅርብ የሆኑ ምንጮች እንደሚሉት ልጁ ልቡ ወደ ማድሪድ ሸፍቷል።" ይኼ እኮ ጥንቸሏና ቀበሮው ነው! ምንጩ ማን ነው? አይነገርም። መቼ ነው? አይታወቅም። ጌታው ስንት ይጠይቅበታል? መቶ ሚሊዮን! አባባ ተስፋዬ እንኳ ለጦጣ መቶ ሚሊዮን ሰጥቶ አያውቅም።

የአገር ውስጡ ሊግስ? እሱም መብቱ ለዚያው ለዲኤስቲቪ የስፖርት ጣቢያ፣ ለሱፐርስፖርት፣ ተሸጠ። ከ2013 የውድድር ዘመን ጀምሮ ክለቦቹ ለካሜራው በሚመች ሜዳ ተሰብስበው ከጅማ ባሕር ዳር፣ ከድሬዳዋ ሐዋሳ፣ ከዚያ አዳማ እየዞሩ መጫወት ያዙ። የአዲስ አበባ ስታዲየምም፣ የእኛው ካምቦሎጆ፣ ለእድሳት ተብሎ ተዘጋ። ጊዮርጊስና ቡና ሲጫወቱ ከካምቦሎጆ እስከ ፒያሳ የሚሰማው ጩኸት ቀርቶ እኔ ቤቴ ተቀምጬ በሰው ከተማ የሚጫወተውን የከተማዬን ደርቢ ውጤት ከስልክ ማንበብ ጀመርኩ።

አንድ እሑድ ታዲያ ወጣሁ። ሰፈራችን ያለው ኳስ ቤት ደጃፍ ላይ ጥቁር ሰሌዳ አለ፤ በጠመኔ የጨዋታው ሰዓት ተጽፎበታል፣ "አርሴናል" በ"ዓ" ነው። መግቢያ ከፍዬ አግዳሚው ላይ ጥግ ያዝኩ። አንድ ጎረምሳ በአክብሮት ጠጋ ብሎ "ፋዘር፣ የማን ደጋፊ ነዎት?" አለኝ።

"የጊዮርጊስ።"

"ኧረ ፋዘር፣ ከእንግሊዝ ነው የምልዎት!"

"ጊዮርጊስን እንግሊዞችም ያነግሡታል፤ ሄደህ ጠይቅ" አልኩት። ክለቡ በ1928 ዓ.ም. የተመሠረተ መሆኑንም ልነግረው ስጀምር ጎል ገባና ከነአግዳሚው ገለበጡኝ።

ስለ ማስታወቂያው ደግሞ ዝም ብል ይቆጨኛል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ አልኮልን ከቴሌቪዥን ማስታወቂያ አባሮልን እፎይ ብለን ነበር፤ ስፖርቱን ሁሉ ቢራ ነበርና የሚያቀርበው፣ ሕፃን ልጅ ፊደል ሳይቆጥር የቢራ ዜማ ያንቆረቁር ነበር። ቢራው ሲወጣ ግን ወንበሩ አልቀዘቀዘም፤ ሪል እስቴትና ውርርድ ተቀመጡበት። አትሌቲክስ ሲኖር ደግሞ ማያ ገጹን ከግራና ከሥር ጨምቀው ሯጮቹን ጥግ ላይ ያስቀምጧቸዋል፤ አፓርታማው ሰፊ፣ ሯጩ ጠባብ። በሲድኒ ኦሊምፒክ ኃይሌ ገብረሥላሴ ፖል ቴርጋትን የቀደመው በሰከንድ 9 መቶኛ ነው። ያን ጊዜ አንዱ የወለል ንጣፍ ነጋዴ መሐል ቢገባ ኖሮ ይኸው እስከ ዛሬ ማን እንዳሸነፈ እንጨቃጨቅ ነበር።

ፈረንጆቹም ይኼ ጣጣ ደርሶባቸዋል፤ ያውም ልጅና ኳስ ፊት ለፊት ተጋጥመው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 17 ቀን 1968 ኤንቢሲ የሚባለው የአሜሪካ የንግድ ጣቢያ የኒውዮርክ ጄትስንና የኦክላንድ ሬይደርስን ጨዋታ እያሳየ ነበር። በእጅ የሚያዝ ነገር ኳስ መባሉን ለጊዜው ይቅር እንበላቸው። ጄትስ 32 ለ 29 ይመራል፣ የቀረው አንድ ደቂቃ ገደማ ነው። በኒውዮርክ ሰዓት ከምሽቱ አንድ ሰዓት ሲሆን ቀጭ! ጨዋታው ተቆርጦ ስለ ሃይዲ፣ ስለዚያች የስዊስ ተራራ ወላጅ አልባ ልጅ፣ ፊልም ተጀመረ። ሰዓቱን ለፊልሙ የገዛው ማን መሰላችሁ? ታይሜክስ፣ ሰዓት ሠሪው! ሰዓት ሠሪ በሰዓቱ ካልተጀመረለት ማን ሊጀመርለት ነው? በቀረችው ደቂቃ ኦክላንድ ሁለት ጊዜ አስቆጥሮ 43 ለ 32 አሸነፈ።

የጣቢያው አለቆች ግን ኳሱ ይቀጥል ብለው ወስነው ነበር። ትእዛዙን ለማስተላለፍ ቢደውሉ ስልኩ አልገባ አለ፤ ሕዝቡ "ሃይዲ በሰዓቷ ትጀምራለች ወይ?"፣ "ኳሱን እንዳትቆርጡ!" እያለ መስመሩን አጨናንቆታል። ኋላ ይቅርታ የጠየቁ መስሏቸው ውጤቱን በጽሑፍ ከፊልሙ ሥር አሳለፉት፤ ያውም መራመድ የማትችለው የሃይዲ ዘመድ ለመቆም ስትንገዳገድ። ኳስ ወዳዱም ተናደደ፣ እናቶችም ተናደዱ፤ ባንድ ምሽት ሁለቱንም ማስከፋት ትልቅ ችሎታ ነው። ኋላ ለስርጭት ክፍሉ ብቻ የሚሆን ለብቻው ስልክ አስገቡ አሉ።

የእኛዎቹ ለዚህ እንኳ አልታደሉም፤ የሚቆርጡት ኳስ የላቸውም። ስለዚህ አንድ ሐሳብ አለኝ፣ ጣቢያው ቢጠይቀኝ በነጻ እሰጣለሁ። ሦስቱን ተንታኞች ከነወንበራቸው ቅዳሜ ጠዋት ለልጆቹ አምጧቸው፤ ድምፃቸው የለሰለሰ፣ ወሬያቸው የማያልቅ፣ ማስረጃ የማይጠየቁ ናቸው፣ ልጅ በደንብ ያስተኛሉ። "አልሰማሁም!" ባይዋን ደግሞ ካምቦሎጆ ካታንጋ በሚባለው የደጋፊ መቀመጫ ፊት አቁሟት፤ እዚያ የምትጠይቀውን ሁሉ ይመልሱላታል። ብስኩቱንም ይዛው ትሂድ። ያ ጥርሱ የወለቀው ልጅ ግን የትም አይሂድ፣ ለእኔ ይሰጠኝ፤ ሁለታችንም ምንም መሆን አንፈልግም፣ ቁጭ ብለን እናያለን።