ሲስተሙ ነው ያወጣው

የእሑድ እረፍት ከስንት ሰዓት ነው የሚጀምረው? ያገኘሁትን ሰው ሁሉ እየጠየቅሁ አስቸግሬያለሁ። የምሠራበት ጣና ዳር ያለ ሎጅ የፈረቃ ድልድሉን በኮምፒውተር ይሁን ካለና፣ "አንተ ኮምፒውተር ትችላለህ" ተብሎ ነገሩ እኔ ላይ ከወደቀ ወዲህ ሌላ ጨዋታ የለኝም።

ፕሮግራሙ ቀን የሚለወጠው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው ባይ ነው። ቅዳሜ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገብተው እሑድ ንጋት 12 ሰዓት የሚወጡት ዘበኛችን አባባ ለእሱ የቅዳሜ ሠራተኛ ናቸው። የእሑድ ሣጥናቸው ባዶ ነው፤ ባዶ ማለት ደግሞ እረፍት። ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ከውሃው ወጥቶ የሎጁን ሣር የሚግጠውን ጉማሬ በባትሪ እየተከታተሉ እረፍት ላይ ናቸው። ሰኞ ዑደቱ ወደ ጠዋት ፈረቃ ያዞራቸዋል፤ 12 ሰዓት ሲሆን በር ላይ መገኘት ነው።

እኔን ያበገነኝ ፕሮግራሙ ሕግ መጣሱ አይደለም፤ አለመጣሱ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሳምንት እረፍት ያልተቆራረጠ 24 ሰዓት ይሁን፣ ከጠዋቱ 12 እስከ ማግስቱ 12 ሰዓት ያለውንም ይጨምር ይላል። ይኸው፣ ከ12 እስከ 12፤ አንዲት ደቂቃ አልጎደለችም። ሕጉ እንኳ ቀኑን እንደኛው ከንጋት ይቆጥራል። የፕሮግራሙ አረንጓዴ ምልክት ቦግ ትላለች። አባባ ግን ያችን ቀን በእንቅልፍ ፈጅተዋት፣ ቅዳሴውም እድሩም አምልጧቸው፣ ማታ ዓይናቸው ፈጦ ያድራል።

መቼም ባሕር ዳር ለፈረቃ እንግዳ አይደለችም። በጣሊያን የጦር ካሣ ተሠርቶ በ1953 ዓ.ም. የተከፈተው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሌሊት መሥራትን ለከተማው አስተምሯል። በ2011 ግንቦት ደግሞ መብራቱም እንደ ሰው ፈረቃ ገብቶ ነበር። የፈረቃ ሊቆች ግን ከተማ ውስጥ አይደሉም፤ ጀልባ ተሳፍሮ ዘጌ መሻገር ነው። በሳምንት ተራ የሚቀድሱትን ሰሙነኛ ካህናት ተመልከቱ። ቅዳሴ ቢያንስ አምስት ልዑካን ይፈልጋል፤ ሁለት ካህን፣ ሦስት ዲያቆን። አንድ ከጎደለ ቅዳሴ የለም። እንቅፋት መትቶት የደማ አይገባም፤ ሕልመ ሌሊት ያገኘውም አይገባም። የኛ ፕሮግራም ለመቅረት የሚቀበላቸው ምክንያቶች ሕመም፣ ፈቃድና ሥልጠና ናቸው። ለቅሶ የለም፣ ተዝካር የለም፣ ማኅበር ደርሶብኛል የለም። እነሱ ዘንድ ሕልም እንኳ ቦታ አለው!

ነገሩ ደግሞ የዛሬ አይደለም። ዳዊት ካህናቱን በሃያ አራት ክፍል መድቦ ነበር። ዘካርያስም ከአብያ ክፍል ነበርና ተራው ደርሶ ሊያጥን ቢገባ መልአክ አነጋግሮት ዘገየ፤ ሕዝቡ ውጭ ቆሞ ምን ነካው እያለ ጠበቀ። ዛሬ ቢሆን የትርፍ ሰዓት ሊያዝለት ነው ወይስ በሰዓቱ አልወጣም ተብሎ ቀይ ሊበራበት? ሲወጣ ዲዳ ሆኗልና ማስረዳትም አይችልም። ይህን ሳሰላስል አንድ ሙሉ ከሰዓት አልፎብኛል።

ሰሙን የሚደለድል አስተዳዳሪ ግን ፊት አለው። ትለምነዋለህ፣ ትወቅሰዋለህ፣ ቢብስም ታኮርፈዋለህ፤ ዓይንህን ማየት እያፈረ በሚቀጥለው ይክስሃል። የኛን ሥራ አስኪያጅ ስለ አባባ እሑድ ብጠይቀው "ሲስተሙ ነው ያወጣው" አለኝ። ማነው ሲስተሙ? ከሌሊት ወደ ጠዋት ይዙሩ ያለው ራሱ፣ ተተኪ ዘበኛ አይቀጠርም ያለው ራሱ! ኮምፒውተሩ የነገሩትን ደገመ እንጂ ማንንም አልበደለም። የሰውን እንቅልፍ ወስዶ፣ እጁን ታጥቦ፣ ጥፋቱን ቆርቆሮ ላይ መለጠፍ ነውር ነው። ድሮ አለቃ ሲበድልህ ቢያንስ ስሙን እየጠራህ ትረግመው ነበር።

ለነገሩ ሠራተኛው መላውን አግኝቷል። አትክልተኛው የሰኞን ጠዋት ለአባባ ይቆምላቸዋል፤ እሳቸው ረቡዕ ይመልሱለታል። ውሉ የታሰረው በር ላይ፣ በአንድ ሲኒ ቡና ነው። ሲስተሙ አያውቅም፤ ማንም አልነገረውም።

ደግሞ አንድ ደግ ጠባይ አለው፣ አይካድም። ጳጉሜን የሚባል አያውቅም። ደመወዝተኛ ሁሉ በነፃ የሚሠራባትን አምስት ቀን፣ በየአራት ዓመቱም ስድስት፣ እንደ ማንኛውም ቀን ሰዓቷን እየቆጠረ ይደምራታል። ይህ ወሬ አባባ ጆሮ ደረሰ።

"ልጄ፣ ጳጉሜንንም ይቆጥራል አሉ?"

"ይቆጥራል አባባ።"

"ታዲያ ሒሳብ ክፍል ሄደህ አታስወጣልንም?"

ሄድኩ። መብራት አለ፣ ኔትወርክ አለ፤ ሒሳብ ሹሙም ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጧል። ገና ጳጉሜን ስል ቀና አለና፣

"ሲስተም የለም" አለኝ፤ "ከበዓል በኋላ ና።"