ከነዋሪነት ወደ እንግድነት እንድዛወር ስለመጠየቅ

ለከተማችን አስተዳደር (ለቀድሞው ማዘጋጃ ቤት)
ባሉበት

እኔ አመልካች የ02 ቀበሌ ነዋሪ ስሆን፣ የነዋሪነት መታወቂያዬን አስረክቤ በምትኩ የእንግድነት ወረቀት እንዲሰጠኝ በታላቅ ትሕትና አመለክታለሁ። እስከ ዛሬ ሰው መታወቂያ ስጡኝ ብሎ ነው እንጂ ውሰዱልኝ ብሎ በርዎን አንኳኩቶ ስለማያውቅ፣ ለዚህ ጉዳይ የተዘጋጀ ቅጽ ላይኖር ይችላል። ቅጹ እስኪዘጋጅ ምክንያቴን ላስረዳ።

ባለፈው ሰሞን የበላይ አካላት ለመስክ ጉብኝት እንደሚመጡ በተሰማ ማግስት ከተማችን የሆነችውን ሁላችንም አይተናል። ለወራት ጠፍቶ የነበረው የመንገድ መብራት ቦግ አለ። መናኸሪያው በር ላይ የኖረው የቆሻሻ ክምር፣ መታወቂያ ሊጠይቅ ጥቂት ሲቀረው፣ በአንድ ሌሊት ተነሣ። ሊስትሮዎቹ፣ ቆሎ ሻጮቹና ለምኖ አዳሪዎቹ “ለሁለት ቀን ዞር በሉ” ተባሉ፤ ወዴት ዞር እንደሚሉ ግን የነገራቸው የለም። ነዳጅ የለውም ሲባል የከረመው ግሬደር እያጓራ ወጣና እንግዶቹ የሚያልፉበትን መንገድ ሲደለድል ዋለ። ወደ እኛ ሰፈር የሚያስገባው መታጠፊያ ላይ ሲደርስ ግን መንገዱን እንደ ሳተ ሰው ደንግጦ ዞረ። ከሁሉ የገረመኝ ውሃው ነው። አስፋልቱ ዳር ያለው የሕዝብ መጸዳጃ ቤት ቧንቧ ሲፈስ አየሁ፤ ያውም እየተንፎለፎለ። አንዲት ልጅ ጀሪካኗን ይዛ ጠጋ ስትል ጥበቃው “ይሄ ለእንግዳ ነው” አላት።

ጥበቃውን አልወቅሰውም። ስንት ስብሰባ ተቀምጬ፣ ስንት ስላይድ አይቼ ያልገባኝን የከተማውን ዕቅድ በሦስት ቃል ያስረዳኝ እሱ ነው።

እንግዶቹ መጡ፤ ገለጻ ተደረገላቸው፤ ምሳ በሉ፤ “አበረታች ነው” አሉ፤ ሄዱ። ውሃውም አብሯቸው ሄደ። እንግዳ ማክበርን የምቃወም እንዳይመስልዎት። እኔም ቤት እንግዳ ሲመጣ ከሣጥን የሚወጣ ስኒ አለ። የእኔ ልጆች ግን እንግዳ በሌለበትም ቀን ራት ይበላሉ።

የኮሪደር ልማቱም ነገር እንዲሁ ነው። በ2016 አዲስ አበባ ላይ ተጀምሮ ወደ ጎንደር፣ ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ሐዋሳና ወደ ጅማ ሲዛመት፣ እርስዎም “እኛስ ከማን እናንሳለን” ብለው ተነሡ። የጎንደሩ ፋሲል ግቢ አለው፤ የባሕር ዳሩ ጣና አለው። የእኛ ከነዳጅ ማደያው ተነሥቶ ባንኩ በር ላይ ያልቃል። የእግረኛ ንጣፉ ያምራል፤ አልክድም። የብስክሌት መስመሩም ያምራል፤ ባጃጆቹ በሚገባ እየተጠቀሙበት ነው። ባለሱቆቹ የሱቃቸውን ፊት በታዘዙት ግራጫ ቀለም በራሳቸው ወጪ ቀብተዋል። ትእዛዙ የሚለው “ከመንገድ የሚታየውን” ስለሆነ የጎኑና የኋላው ግድግዳ እንደ ጥንቱ ጭቃ ነው። መካከሉ ላይ ዘንባባ ተተክሏል፤ ለዘንባባውም በየማለዳው የውሃ ቦቴ ይመጣለታል። ከኮሪደሩ ኋላ ያለነው እኛ ቦቴው ሲያልፍ ቆመን እናያለን። ሲያልፍ የሚያንጠባጥበው ውሃ አቧራውን ስለሚያረጥብልን ሳላመሰግን አላልፍም።

ስለ ውሃ ካነሣሁ ሒሳቡን አብረን እንሥራ። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ (ከ2008 እስከ 2012) በተቀመጠው መስፈርት፣ ሕዝቡ ከ20 ሺህ በታች በሆነ ከተማ የሚኖር ሰው በቀን 40 ሊትር ውሃ ከ250 ሜትር ሳይርቅ ሊያገኝ ይገባዋል። ሕዝቡ ከ20 ሺህ ሲያልፍ ድርሻው 50 ሊትር ይሆናል፤ እንዲህ እያደገ ሄዶ ከሚሊዮን በላይ ሕዝብ ላለው ከተማ 100 ሊትር ይደርሳል። ወደ ጀሪካን ሲመነዘር፣ ታዳጊ ከተማ በነበርንበት ዘመን ለእያንዳንዳችን ሁለት ሁለት ጀሪካን ነበረን ማለት ነው። ከዚያ 20 ሺህ ሞልታችኋል ተብለን ከፍ አልንና ከተማ አስተዳደር ተባልን። ድንኳን ተጣለ፤ በሬ ታረደ፤ ታፔላው ተቀየረ፤ ሥራ አስኪያጅ ስንለው የኖርነውን ሰው “ክቡር ከንቲባ” ማለት ለመድን። በሒሳቡ መሠረት በዚያ ቀን ለነፍስ ወከፍ ግማሽ ጀሪካን ተጨምሮልናል። ያንን ግማሽ ጀሪካን እስከ ዛሬ ማን እንደ ጠጣው አላወቅንም፤ የቀደሙትን ሁለቱንም እንዲሁ።

(ማዕረግ መውደድ የዛሬ በሽታ እንዳልሆነ አውቃለሁ። በ1937 የወጣው የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ እንኳ አዲስ አበባንና ጎንደርን ከፍ አድርጎ፣ የቀረውን ከተማ ሁሉ ከእነሱ በታች ነበር ያስቀመጠው። ያኔ የታችኛው ረድፍ ላይ የነበረ ከተማ ቂም ቢይዝ አይፈረድበትም።)

ለመሆኑ 20 ሺህ መሙላታችንን ማን ቆጠረን? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 ሕዝብ በየአሥር ዓመቱ ይቆጠር ይላል። እኛ ለመጨረሻ ጊዜ የተቆጠርነው በ1999 ነው። ቀጣዩ ቆጠራ ሲራዘም ቆይቶ በ2011 እንደገና ተራዘመ፤ ከዚያ ወዲህ የቆጠረን የለም። ስለዚህ ከ1999 ወዲህ እዚህ ከተማ የተወለደ ልጅ ጢም ቢያወጣም በቆጠራ ደረጃ ገና አልተወለደም። የውሃ ኃላፊው በየሩብ ዓመቱ “ሽፋናችን ከዕቅድ በላይ ነው” ሲሉ ሰዎች ያሟቸዋል፤ እኔ ግን እከራከርላቸዋለሁ። በ1999 ለነበርነው ሰዎች ሳያዳርሱ አልቀሩም። ከዚያ ወዲህ የሞቱት ሲቀነሱ ትርፍም ሳይኖር አይቀርም።

በዚያ ላይ ሽፋን የሚለካው ቧንቧ በመዘርጋቱ ነው፤ ውሃ ስለ መፍሰሱ መዝገቡ የሚለው የለም። ቧንቧማ እኔም ቤት አለ። ቆጣሪም አለ፤ ያውም ትጉህ ቆጣሪ። ፈረቃችን ደርሶ ውሃ ሊመጣ ሲል ቧንቧው አስቀድሞ ነፋስ ይተፋል፤ ቆጣሪው ነፋስና ውሃ ስለማይለይ ለሁለቱም ይዞራል። ውሃው ሳይደርስ ፈረቃው ሲያልፍ ወሩን በሙሉ የነፋስ ሒሳብ እከፍላለሁ። ደረሰኙ ላይ ግን “የውሃ አገልግሎት” ይላል።

አሁን ወደ ድልድዩ ልምጣ። ከ02 ወደ ጤና ጣቢያው በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው ጅረት በክረምት ሲሞላ፣ ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ተሸክመን በላይኛው መንገድ ስናዞር ኖረናል። አመለከትን። “በዕቅድ ተይዟል” ተባልን። እርስዎ ዘንድ በዕቅድ የተያዘ ነገር እንዴት አጥብቆ እንደሚያዝ ያወቅነው ያኔ ነው፤ እስከ ዛሬ አልተለቀቀም። በመጨረሻ ዕድራችን ተሰበሰበ። ለቀብር ከተቀመጠው ገንዘብ ወጪ ይሁን ተብሎ ክርክር ሲነሣ የዕድሩ ዳኛ ተነሡና “ሙታን ትንሽ ይታገሡን፤ ድልድዩ ከተሠራ ቁጥራቸውም ይቀንሳል” ብለው ዘጉት። ግንበኛው ጉልበቱን ሰጠ፤ ባለ ወፍጮ ቤቱ ሲሚንቶ ሰጠ፤ ወጣቶቹ ድንጋይና አሸዋ አጋዙ፤ ሴቶቹ ጠላና ቆሎ ይዘው ዋሉ። ክረምቱ ሳይገባ አለቀ።

ሲያልቅ አስተዳደሩ ሪባን ይዞ ለምረቃ መጣ። ከሪባኑ በቀር የያዘው ስላልነበረ መቀሱን ከልብስ ሰፊው ተዋሰ። (እግረ መንገዴን ላሳስብ፤ መቀሱ አልተመለሰም፤ ሰውየው እንጀራው ነው።) በዓመቱ ሪፖርት ላይ “በኅብረተሰብ ተሳትፎ” ከሚለው ርዕስ ሥር ድልድያችን ከነግምቱ በብር ተተምኖ የአስተዳደሩ አፈጻጸም ሆኖ ገባ። አልተቀየምንም። ሪፖርትም የሚሻገርበት ያስፈልገዋል።

የኮብልስቶኑን ነገር ባጭሩ ልንገርዎት፤ ረጅሙን እግሮቻችን ያውቁታል። በየቤቱ አዋጥተን፣ በጥቃቅንና አነስተኛ የተደራጁ ልጆቻችን ድንጋዩን በመዶሻ ጠርበው አንጥፈውት ነበር። ከመካከላቸው ዲግሪ ያላቸው ነበሩ፤ መንገዱም ቀጥ ያለ ነበር። ከዚያ የቧንቧ ሠራተኞች መጥተው ቆፈሩት፤ አልደፈኑትም። ቀጥሎ የስልክ መሥመር ዘርጊዎች መጥተው በሌላው ጎን ቆፈሩት። ሁለቱም ስለ ሌላው መምጣት እንዳልሰሙ ምለው ተናገሩ። በስንት መዋጮ የተነጠፈው ድንጋይ ዛሬ በየደጃፉ ጭቃ መርገጫ ሆኖ እያገለገለ ነው።

አንዲት ጎረቤቴ ባልቴት አሉ። በመዋቅራዊ ፕላኑ ላይ በቤታቸው 30 ሜትር መንገድ ያልፋል ተብሎ ግድግዳቸው ላይ ቀይ ምልክት ተቀባ። ያኔ ልጃቸው የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ነበር፤ አሁን አግብቶ ልጆች ወልዷል። ጣሪያው ሲያፈስባቸው ለማደስ ፈቃድ ጠየቁ፤ “ቤቱ ፈራሽ ነው፤ አይታደስም” ተባሉ። እንግዲያው አፍርሱትና ምትክ ስጡኝ አሉ፤ “በጀት የለም፤ አይፈርስም” ተባሉ። እሳቸውም በማይታደስና በማይፈርስ ቤት ውስጥ ላስቲክ ዘርግተው የቤት ግብራቸውን በየዓመቱ ሳያጓድሉ ይከፍላሉ። በከተማ ፕላን አዋጁ፣ በ574/2000 መሠረት፣ የመዋቅራዊ ፕላን ዕድሜ 10 ዓመት ነው። ፕላኑ ዕድሜውን ጨርሶ አልፏል፤ ምልክቱ ግን ትናንት የተቀባ ይመስላል። የኮሪደሩ ግራጫ ቀለም በአንድ ክረምት ስለ ለቀቀ፣ ያ ቀይ ቀለም ከየት እንደ ተገዛ ተጣርቶ ለወደፊቱ ከዚያው እንዲገዛ እጠይቃለሁ።

በ2017 የንብረት ታክስ አዋጅ ሲጸድቅ ሰው ሁሉ አጉረመረመ፤ እኔ ግን ገማቾቹ ወደ ሰፈራችን የሚመጡበትን ቀን በጉጉት እጠብቃለሁ። የዚህ ታክስ መነሻ ሐሳብ እንደ ገባኝ ከሆነ፣ መንግሥት መንገድና ውሃና መብራት ሲያቀርብ የቤቴ ዋጋ ይጨምራል፤ እኔም ከጨመረው ላይ አካፍላለሁ። ፍትሐዊ ነው። ገማቹ ብቻ በሐምሌ ይምጡልኝ። መታጠፊያው ላይ ጫማቸውን አውልቀው፣ ሱሪያቸውን ሰብስበው፣ በዕድራችን ድልድይ ተሻግረው ይምጡና የጨመረውን ይንገሩኝ። ነገሩ መካፈል ከሆነ የዕድሩ ጸሐፊ የድልድዩን ወጪ ከነደረሰኙ አዘጋጅተው እየጠበቋቸው ነው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ አይቼ ነው እንግድነት የሚሻለኝ ያልኩት። ከተፈቀደልኝ ብዙ አላስቸግርም። ከነዳጅ ማደያው እስከ ባንኩ ብቻ እመላለሳለሁ። ገለጻ ሲደረግልኝ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ እሰማለሁ፤ ጥያቄ አልጠይቅም፤ “አበረታች ነው” ማለቱንም መስታወት ፊት ተለማምጄዋለሁ። ምሳው ይቅርብኝ። የምመጣበት ቀን ብቻ ለሰፈሬ ሰው ቀደም ብሎ ይነገርልኝ፤ ጀሪካን ያጥባሉ። ልምዱ ጥሩ ከሆነ ዕድራችን በየሳምንቱ በተራ እንግዳ የሚሆኑ ሰዎችን መርጦ ለማቅረብ ዝግጁ ነው። ኮትና ከረባትም በውሰት አግኝተናል።

የእንግድነት ኮታ ሞልቷል የሚባል ከሆነ አማራጭ ጥያቄ አለኝ። ውሃ እየጠጡም የደጋው ውርጭ ያደረቃቸው ዘንባባዎች ስላሉ፣ ከእነሱ በአንዱ ቦታ ልተከል። ውርጩን ተወልጄ ያደግሁበት ስለሆነ አይበግረኝም። ቦቴው በማለዳ ሲመጣ አፌን ከፍቼ እጠብቃለሁ። ባለቤቴ ከአጠገቤ ያለው ጉድጓድ ክፍት መሆኑን አይታ መጥታለች።

ይህን ማመልከቻ በአካል ላስገባ መጥቼ መዝገብ ቤቱ “ሲስተም የለም” ስላለኝ፣ ክቡርነትዎም ስብሰባ ላይ ስለ ነበሩ፣ በአደባባይ ለመጻፍ ተገድጃለሁ። የስብሰባው አጀንዳ “የመልካም አስተዳደር ችግሮችን ስለ መፍታት” መሆኑን ከበሩ ላይ አንብቤያለሁና አላቋረጥኩም።

ከሰላምታ ጋር
አመልካች፣ የ02 ቀበሌ ነዋሪ (ለጊዜው)

ግልባጭ፦
ለውሃ አገልግሎት ጽሕፈት ቤት፦ ውሃ በሚለቀቅበት ቀን እንዲነበብ
ለኮሪደር ልማት ኮሚቴ፦ የጉድጓዱ ስፋት እንዲታይልን
ለልብስ ሰፊው፦ መቀሱን በሚመለከት
ለዕድራችን፦ ለአፈጻጸም